ጠበቃዬ ስልክ አያነሳም

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ካሉት ሻይ ቤቶች በአንዱ ግማሽ ቀን የተቀመጠ ሰው ከብዙ የጥናት ወረቀት የማያገኘውን ይሰማል። ጠረጴዛው ላይ ጠርዙ የተላላጠ ክላሴር፣ ከክላሴሩ ጎን ስልክ፣ ከስልኩ ጀርባ ሻዩ የቀዘቀዘበት ባለጉዳይ። ይደውላል። አይነሳም። እንደገና ይደውላል። በሦስተኛው ያቺ የታወቀች ድምፅ ትመጣለች፦ «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም።» የቴሌ ነገር ሆኖ እዚህ ላይ «ደንበኛ» የተባለው ጠበቃው ነው። ገንዘብ ከፍሎ ደንበኛ የሆነው ሰውዬማ እዚሁ ተቀምጧል፤ የሚፈልገው የለም እንጂ እርሱን ማግኘት ቀላል ነበር።

በዚያ ሰፈር ሰው ስለ ዳኛ ያማርራል፣ ስለ ቀጠሮ መራዘም ያማርራል፣ ስለ ባላጋራውማ ባይነሳ ይሻላል። ምሬቱ የሚከፋው ግን ስለ ራሱ ጠበቃ ሲያወራ ነው። ባላጋራ ቢጎዳ ሥራው ነው። ዳኛም የማንም ወገን አይደለም፤ መሆንም የለበትም። ጠበቃ ግን በገንዘብ የመጣ ቢሆንም ወገን ነው። ከወገን የሚመጣ ዝምታ ከጠላት ስድብ ይብሳል።

ከእነዚህ ባለጉዳዮች አንዷ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ናቸው። ስማቸው እዚህ አያስፈልግም፤ ታሪካቸውን ሰምቶ «ይቺማ የእኔ ጉዳይ ናት» የሚል ሰው በየወረዳው አለ። አባታቸውን እስከ መጨረሻው ያስታመሙት እርሳቸው ናቸው። በአባታቸው ግቢ፣ ከትልቁ ቤት ጀርባ፣ ከደመወዛቸው በቆጠቡትና እቁብ በደረሳቸው ገንዘብ ሦስት ክፍል ሰርቪስ ሠርተዋል። ሁለቱን ያከራያሉ፤ ጡረታቸው የማይሸፍነውን የሚሸፍነው ያ ኪራይ ነው። አባት ሲሞቱ ከሌላ እናት የተወለዱ ወንድምና እህት የወራሽነት ማስረጃ አውጥተው መጡ፤ ግቢው በሙሉ ለሦስት ይከፈል ብለው ከሰሱ።

መምህርቷ ትልቁ ቤት ይከፈል በመባሉ አልተከራከሩም። «የአባታችን ነው፤ ይካፈሉ» አሉ። ክርክራቸው ሰርቪሱ ላይ ብቻ ነበር። የሲሚንቶው፣ የቆርቆሮው፣ የበርና መስኮቱ ደረሰኝ፣ አናጺውና ግንበኛው የፈረሙበት የክፍያ ወረቀት ሁሉ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ በዓመተ ምሕረት ተደርድሮ ተቀምጧል። የሒሳብ አስተማሪ እንዲህ ናት።

ጠበቃውን ያገኙት በጎረቤት በኩል ነው። ልጃቸው ሊሆን የሚችል ወጣት ነው፤ ንግግሩ ለስላሳ፣ አለባበሱ የተስተካከለ። ጎረቤቲቱ ያመሰገነችው ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ዳኞቹን በሙሉ ያውቃቸዋል።» እዚህ ላይ ትንሽ መቆም ያስፈልጋል። ሰው ሐኪም ሲመርጥ «በሽታውን ያውቃል ወይ» ብሎ ይጠይቃል። ጠበቃ ሲመርጥ ግን «ሕጉን ያውቃል ወይ» የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ሆኖ «ማንን ያውቃል» የሚለው ይቀድማል። ለዚህ የፍርድ ቤቶቻችን ታሪክ የራሱ ተጠያቂነት አለው፤ ሕዝቡ ይህን ጥያቄ ከምንም ተነስቶ አልፈጠረውም። ቢሆንም ሰው በዚህ መመዘኛ የመረጠው ጠበቃ ሕግ ሳያውቅ ሲቀር «ለምን አላወቅህም» ለማለት አፍ ያጥረዋል።

መጀመሪያ ቀን የብስኩቱን ቆርቆሮ ይዘው ሄዱ። ጠበቃው ክዳኑን ከፍቶ አየና ፈገግ አለ። «እማማ፣ ይሄን ይያዙት። ጊዜው ሲደርስ እናቀርበዋለን።» የቅድሚያውን 40,000 ብር በቴሌብር ላኩለት። ውል አልተጻፈም፤ ደረሰኝ አልተሰጠም። «ከእናቴ ጋር ውል ልጻፍ እንዴ?» አላቸው። ልባቸው ተነካ። ዛሬ ሲያወሩት የሚያንገበግባቸው ይቺ ዓረፍተ ነገር ናት፤ ከገንዘቡም በላይ።

«ጊዜው ሲደርስ» የተባለው ጊዜ አልፎ ነበር። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከሳሽ ማስረጃውን ከክሱ ጋር፣ ተከሳሽም ከመልሱ ጋር ዘርዝሮ እንዲያቀርብ ያዛል። በኋላ የሚመጣ ወረቀት በቂ ምክንያት ካልተገኘለት በር ላይ ይቀራል። ጠበቃው በመልሱ ላይ «ሰርቪሱን በግል ገንዘቧ የሠራች በመሆኑ» ብሎ ጽፏል፤ ደረሰኞቹን ግን አላያያዘም። ከሁለት ቀጠሮ በኋላ ሊያቀርባቸው ሲነሳ የሌላው ወገን ጠበቃ ተቃወመ፣ ችሎቱም ተቃውሞውን ተቀበለ። መምህርቷ ችሎት ውስጥ ነበሩ። ቆርቆሮው ጭናቸው ላይ ነበር። ምን እንደተባለ ግን አልገባቸውም። ሲወጡ ጠየቁት። «ምንም አይደለም እማማ፣ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ነው» አላቸው። የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ማለት ትንሽ ነገር ማለት መሰላቸው።

ጥር 14 ቀን ተፈረደ። ግቢው ሰርቪሱን ጨምሮ ለሦስት ይከፈል፤ በስምምነት መካፈል ካልቻሉ በሐራጅ ይሸጥ፤ የከሳሾችን ወጪና ኪሳራም ተከሳሿ ትክፈል። ጠበቃው የዚያኑ ዕለት ማታ ደወለላቸው፤ ይህ ሊመሰገንበት ይገባል። «አይዞዎት፣ ይግባኝ አለ» አላቸው።

ይግባኝ አለ። ይህችን አባባል ያልሰማ ተከራካሪ የለም። በአማርኛችን «አለ» የሚለው ቃል ለጠረጴዛም፣ ለተራራም፣ ለእግዚአብሔርም ነው፤ ያለ ነገር ይቆያል። መምህርቷም ይግባኙ አለ ሲባሉ እንደ አባታቸው ቤት ቆሞ የሚጠብቃቸው መሰላቸው። ሕጉ ግን የይግባኝ ማመልከቻ ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት ይላል፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 323 ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ክርክር ደግሞ ጊዜው ከዚህም አጥሮ 30 ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስለሆነ ሒሳቡ ለማንም ይቀላል፤ ጥር 14 ላይ 60 ሲደመር መጋቢት 14። ሒሳብ ላስተማረች ሴት ይህ የጣት ቆጠራ ነበር። የሚቆጠር ነገር እንዳለ የነገራቸው ግን አልነበረም።

በመካከሉ ሽማግሌዎች ገቡ። የካቲት ሊያልቅ ሲል፣ ጾሙ በተያዘ ሰሞን፣ የአባታቸው የንስሐ አባት የነበሩ ቄስና ሁለት የሰፈር አዛውንት ሁለቱንም ወገን አነጋገሩ። ወንድምየው ትንሽ ለስለስ ያለ መሰለ። ሽማግሌዎቹም የተለመደውን አሉ፦ «አሁን ጾም ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ተገናኝተን እንጨርሰዋለን።» መምህርቷ ደስ አላቸው። ለጠበቃው ደወሉ፤ ያን ቀን አንስቷል። «ልጄ፣ ሽማግሌ ገብቷል፤ እስከ ፋሲካ እንታገስ» አሉት። «ጥሩ ነው እማማ፣ እርቅ የመሰለ ነገር የለም» አላቸው።

ከዚህ በኋላ ምን እንደሆነ ሁለቱ ወገኖች የሚናገሩት ይለያያል፤ የጉዳዩ ሁሉ አከርካሪም እዚህ ላይ ነው። ጠበቃው የሚለው «ይግባኙን አቆይልኝ ተባልኩ፣ አቆየሁ» ነው። መምህርቷ የሚሉት «እኔ ያወራሁት ስለ እርቁ ነው፤ ይግባኙ እንደሚያመልጥ ቢነግረኝ ለምን እንታገስ እላለሁ?» ነው። ሁለቱም ሳይዋሹ ሊሆን ይችላል። እርሱ የሰማው የደንበኛ ትእዛዝ ነው፤ እርሳቸው የተናገሩት የእናት ወግ። በሁለቱ መካከል መኖር የነበረበት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «እማማ፣ መጋቢት 14 ካለፈ ይግባኝ የለም፤ እርቁ ይቀጥል፣ እኛ ግን ማመልከቻውን እናስገባ።» እርቅና ይግባኝ አይጣሉም፤ ማመልከቻ ገብቶም መታረቅ ይቻላል። ይህን የሚያውቀው ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው፤ የሚከፈለውም ስለሚያውቅ ነው።

ፋሲካ ዋለ። ሽማግሌዎቹ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሲጠሩ ወንድምየው አልመጣም። በሌላው ቀን የአፈጻጸም መጥሪያ መጣ። መምህርቷ ለጠበቃው ደወሉ። አያነሳም። በቀን አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ። በጎረቤቲቱ ስልክ ሲሞክሩ አነሳ፤ ድምፃቸውን ሲሰማ «ችሎት ነኝ» ብሎ ዘጋ። ሰዓቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነበር።

የይግባኝ ጊዜ ያለፈበት ሰው በሩ በሙሉ አልተዘጋበትም። በቂ ምክንያት ካለው «ጊዜው ይፈቀድልኝ» ብሎ ማመልከት ይችላል፤ ታሞ ተኝቶ ከነበረ፣ መንገድ ተዘግቶበት ከነበረ። መምህርቷም ሌላ ጠበቃ ዘንድ ሄደው «ምክንያቴ ጠበቃዬ ነው» አሉ። አዲሱ ጠበቃ ሕጉን አውጥቶ አነበበላቸው። ቁጥር 326 ይህንኑ ምክንያት በስሙ ጠርቶ ይከለክላል፤ የወኪል ወይም የጠበቃ ጥፋት በቂ ምክንያት ሆኖ አይቆጠርም። መምህርቷ እንዲደግምላቸው ጠየቁት። ደገመላቸው። «ታዲያ ይህ ሕግ የተጻፈው ለጠበቃ ነው ለሰው?» አሉ።

ጥያቄው የንዴት ቢመስልም መልስ ይገባዋል። ሕጉ እንዲህ የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። ፍርድ ያገኘው ሌላው ወገን በባላጋራው ጠበቃ ቸልተኝነት ለምን ይቀጣል? «ጠበቃዬ ረስቶት ነው» የሚለው ቃል እንደ ምክንያት ቢፈቀድ ኖሮ መዝገብ የሚባል ነገር አይዘጋም ነበር፤ ሁሉም ጠበቃ በተመቸው ቀን ይረሳል። የውክልና መሠረቱም ይኸው ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወኪል የሠራው ወካዩ እንደሠራው ይቆጠራል። ወካዩ ወኪሉን የመረጠው ራሱ ነው፤ ስለዚህ የምርጫውን ዕዳ ይሸከማል። በሁለቱ ተከራካሪዎች መካከል ሲታይ ይህ ፍትሐዊ ነው።

ችግሩ ሕጉ ይህን ዕዳ ደንበኛው ላይ ካሸከመ በኋላ ሸክሙን ወደ ጠበቃው የሚያዞርበት መንገድ በወረቀት ላይ ሰፊ፣ በእግር ሲሄዱበት ቀጭን መሆኑ ነው። በወረቀት ላይ ወኪል በቅን ልቦናና በጥንቃቄ የመሥራት ግዴታ አለበት። ወካዩ በጠየቀ ጊዜ ሁሉ የሥራውን ሁኔታ ማስረዳት አለበት፤ ቁጥር 2213 ነው፤ «በጠየቀ ጊዜ ሁሉ» ነው የሚለው፣ «ሲመቸው» አይልም። ወካዩ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ ማንሳት ይችላል። ጥፋት ካለ ኪሣራ መጠየቅ ይቻላል፤ ለፈቃድ ሰጪው አካልም የዲሲፕሊን አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። በ2013 የወጣው የፌደራል የጥብቅና አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1249 የጠበቆችን ማኅበር በሕግ አቋቁሟል፤ ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩም ፈቅዷል። ይህ ሁሉ ጥሩ ነው።

በእግር ሲሄዱበትስ? ጠበቃን ለመክሰስ ሌላ ጠበቃ ያስፈልጋል። ያ ጠበቃ ነገ ከዚያኛው ጋር አንድ ችሎት ላይ ይቆማል፤ አብሮት ተምሮም ሊሆን ይችላል። ጠይቆ «ይቅርብኝ» የሚል ብዙ ነው። ፈቃደኛ ቢገኝ እንኳ ቀላሉ ነገር የጠበቃውን ጥፋት ማስረዳት ነው፤ ከባዱ «ይግባኙ ገብቶ ቢሆን ኖሮ አሸንፍ ነበር» ብሎ ማሳመን ነው። ስላልተሰማ ክርክር ሌላ ክርክር ማለት ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ ይመጣል፦ «ውል አላችሁ?» መምህርቷ የላቸውም። በእጃቸው ያለው የቴሌብር መልእክት ብቻ ነው፤ መልእክቷ የምትናገረው ይህን ያህል ብር ለዚህ ሰው ተላልፏል የሚለውን ነው። ለምን እንደተላለፈ፣ ምን ይሠራ ዘንድ፣ እስከ መቼ፣ አትልም።

ስለ ጠበቃውም በቅንነት መናገር ይገባል። ጠዋት 3 ሰዓት ልደታ፣ በዚያው ጠዋት ቦሌ ምድብ ሌላ ቀጠሮ አለው፤ አንዱ ጋ ሲደርስ ዳኛው ስብሰባ ገብተዋል፣ ሌላው ጋ መዝገቡ አልቀረበም። ሦስት ሰዓት ቆሞ አንድ ደቂቃ ተናግሮ ይመለሳል። ደንበኛው ደግሞ ሁልጊዜ መልአክ አይደለም። «ፊርማው የእኔ አይደለም» ብሎ ያስምላል፤ ሰነዱ ሲመረመር የእርሱ ይሆናል። የከፋውን ወረቀት ደብቆ የተሻለውን ብቻ ያመጣል። ሲያሸንፍ «መብቴን አገኘሁ» ይላል፤ ቀሪው ክፍያ ሲጠየቅ እርሱም ስልክ ማንሳት ያቆማል። በሌሊት የሚደውልም አለ። ከሁሉም የከፋው ግን ይህ ነው፦ «ይህ ጉዳይ አያዋጣዎትም፣ ተስማሙ» የሚል ሐቀኛ ጠበቃ ደንበኛውን በማግስቱ «በእጄ ነው» ለሚለው ያስረክባል። ገበያው ተስፋ ለሚሸጥ ያደላል። ተስፋ የሸጠ ጠበቃ መጥፎ ዜና ሲመጣ ስልክ ባያነሳ ምን ይገርማል? በምን አፉ ይናገር? ዝምታው ስንፍና ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ እፍረት ነው። ይህ ግን ማስረጃ ሳያያይዝ ለቀረ ሰው ሰበብ ሊሆን አይችልም። የጠበቃ ሙያ ግማሹ ክርክር ከሆነ ግማሹ ቀን መቁጠር ነው፤ ቀን መቁጠር የሰለቸው ሰው ሌላ ሥራ ይፈልግ።

አንድ ነገር ደግሞ ከጠበቃውም ከደንበኛውም ትከሻ በላይ ነው። ድሮ ሙግት በአደባባይ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይሄዱ ነበር፤ ዋርካ ሥር «በላ ልበልሃ» ሲባባሉ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ይሰማል። ያኔም ጠበቃ ነበር፤ አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው ለሌላው ይቆማል። ግን ባለጉዳዩ አጠገቡ ነው። የተባለውን ሁሉ በራሱ ቋንቋ ይሰማል፤ ነገሩ ሲበላሽ የተበላሸበትን ቦታ ያያል። ያ ሥርዓት ይመለስ የሚል የለም፤ ጉልበተኛና ጉቦኛ ያኔም ነበር፣ ለሴትና ለድሀማ የባሰ ነበር። ወረቀቱ ሲመጣ ብዙ ተስተካክሏል። ባለጉዳዩን ግን ከገዛ ጉዳዩ አስወጥቶታል። መምህርቷ ችሎት ውስጥ ተቀምጠው፣ ማስረጃው ጭናቸው ላይ ሆኖ፣ ክርክራቸው ሲወድቅ አላዩም። ዐይንና ጆሮ ነበራቸው። የጎደላቸው አጠገባቸው ሆኖ «አሁን የሆነው ይህ ነው» የሚል ሰው ነበር፤ ለዚያ ሰው ደግሞ ከፍለውታል።

በውጭ የሚኖሩት ከዚህም ይርቃሉ። ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ሆኖ በኤምባሲ በኩል ውክልና የላከ ሰው ጉዳዩን የሚከታተለው በዋትሳፕ ነው፤ ሁለት ሰማያዊ ምልክት አይቶ መልስ ሲያጣ ሌሊቱን አይተኛም። ውክልናውን ሲፈርም ደግሞ ብዙ ጊዜ አላነበበውም። በሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ሆነ ጉዳይን በእርቅ ለመጨረስ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ይህ ጥበቃ ነው። ጥበቃው የሚፈርሰው ሁሉም ሰው ከጓደኛው በኮረጀው ረጅም የውክልና ጽሑፍ ውስጥ «ለመሸጥ ለመለወጥ፣ በእርቅ ለመጨረስ» የሚለው ሐረግ ሳይጠየቅ ስለሚገባ ነው። ለአንድ የኪራይ ክርክር ብቻ ጠበቃ የሚያቆም ሰው ቤቱን ለመሸጥ የሚያስችል ሥልጣን የሚሰጥበት ምክንያት የለም።

መምህርቷ ውክልናቸውን አነሱ። ውልና ማስረጃ ሄደው ወረፋ ይዘው ጨረሱ። ከዚያ ሳይደውሉ ወደ ጠበቃው ቢሮ ሄዱ፤ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ጉልበታቸው ያማቸዋል። በሩ ላይ ሲያያቸው ተነሳ። ወንበር ሳበላቸው። ይቅርታ አልጠየቀም፣ አልተቆጣምም። «ፋይሌን ስጠኝ» አሉት። አውጥቶ ሰጣቸው። ከገንዘቡም ጥቂቱን እንደሚመልስ ተናገረ፤ መቼ እንደሆነ አላለም።

ክላሴሩን የከፈቱት ቤታቸው ገብተው መነጽራቸውን ካደረጉ በኋላ ነው። የክሱ ግልባጭ፣ መልሱ፣ የፍርዱ ግልባጭ። ከሁሉ ሥር፣ በወረቀት መያዣ የታሰረ ሰባት ገጽ ነበር። የይግባኝ ማመልከቻ ነው። በኮምፒዩተር ተጽፎ አልቋል። ደረሰኞቹ ለምን ሊታለፉ እንደማይገባ በሦስተኛው ገጽ በዝርዝር ተቀምጧል፤ አንድ በአንድ፣ በዓመተ ምሕረት፣ እርሳቸው እንደደረደሩት። መምህርቷ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ጥሩ ጽሑፍ ነው አሉ፤ በተማሪ ወረቀት ላይ የሚሰጡትን ዓይነት አስተያየት። መጨረሻው ገጽ ላይ የፊርማው ቦታ ባዶ ነው። ቀኑ ግን ተጽፏል። መጋቢት 6 ይላል።